ዝና ባሕር ሲሻገር

አዲስ አበባ ላይ ስሙ ሲጠራ አዳራሽ የሚሞላለት ሰው፣ ዋሽንግተን ሲገባ ስሙን ፊደል በፊደል እያስጻፈ ቅጽ ያስሞላ ነበር። ዛሬ ያው ሰው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቡና ሊጠጣ ጎራ ቢል ሳይታወቅ መውጣቱ ያጠራጥራል። ሒሳቡን ቀድሞ የሚከፍልለት፣ አብሮት ፎቶ ልነሳ የሚል አይጠፋም። ከዚያ እስከዚህ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አልፏል። የኢትዮጵያ ከያኒያን በእነዚያ ዓመታት ምን ሠርተው እንዳደሩ፣ ማን እንደጠፋ፣ ማን እንደገና እንደተገኘ ሲታይ ዝና ራሱ ምን ዓይነት ንብረት እንደሆነ ይገለጣል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀድመው የደረሱት ለትምህርትና ለማስተማር የመጡ ናቸው። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለደ፤ አባቱ ተውኔት እየጻፉ በየአገሩ ያሳዩ ነበር። በ1967 ወደ ቺካጎ ሄዶ ቲያትር ጀመረ፤ ቀጥሎም ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ገብቶ ፊልም ተማረ። በ1974 አብዮቱ ሲፈነዳ አገር ቤት ገብቶ የገባሩንና የባላባቱን ኑሮ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸ፤ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" የተባለው ይህ ፊልም በ1976 ለዕይታ በቃ። እሱ ግን ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው የጥቁሮች አንጋፋ ተቋም፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ መምህር ሆኖ ነበር።

እዚያው ሃዋርድ የቀደመው ሠዓሊ ነበር። እስክንድር ቦጎሲያን በ1937 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለንደንና ፓሪስ ተምሮ፣ ገና 30 ዓመት ሳይሞላው የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥዕሉን የገዛው ሰው ነው። በ1966 አገር ቤት ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ትቶት የሄደው ትውልድ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይምላል። ከ1972 እስከ 2001 ድረስ ደግሞ ሃዋርድ ብሩሽና ቆዳ ይዞ አስተማረ። ኃይሌና እስክንድር ዕድለኞች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ሙያቸው ራሱ ደመወዝ ይከፍላቸው ነበር። ከእነሱ በኋላ ለመጡት ይህ አልሆነም።

በ1978 ጆርጂያ አቬኑ ላይ "ማማ ደስታ" የተባለ ምግብ ቤት ተከፈተ፤ ዋሽንግተን ውስጥ እንጀራ በአደባባይ የተሸጠበት የመጀመሪያው ቤት እሱ እንደሆነ ይነገራል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ በቀይ ሽብር ትናጥ ነበር። በሱዳን በኩል የወጣው ወጣት ቁጥር በዛ፤ አሜሪካም በ1980 የስደተኞች ሕጓን አወጣች። ዋሽንግተን ኤምባሲ፣ ዩኒቨርሲቲና ቀድሞ የመጣ ዘመድ ያለባት ከተማ ስለነበረች ብዙው ወደዚያው አመራ። አድማጭ መሰብሰብ ጀመረ፤ ዘፋኝ ግን ገና አልመጣም ነበር።

ዘፋኙም ብዙ አልቆየም። "ዋልያስ ባንድ" በ1970ዎቹ በአዲስ አበባው ሂልተን ሆቴል ቋሚ ባንድ ነበር። የሰዓት እላፊ ዘመን በመሆኑ ወደ ሆቴሉ የገባ ታዳሚ ሌሊቱን መውጣት ስለማይችል ባንዱ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ኦርጋኑ ላይ የሚቀመጠው ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ በልጅነቱ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ገና በ14 ዓመቱ የጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ገብቶ ነበር። በ1977 ባንዱ "ጨ በለው" የተባለውን አልበም አወጣ፤ በውስጡ ያለውን "ሙዚቃዊ ስልት" የደረሰው ፒያኒስቱና አቀናባሪው ግርማ በየነ ነው። ለሌሎች ከ60 በላይ ዘፈኖች ያቀናበረ፣ ራሱ ግን በድምፁ አራት ብቻ ያስቀረጸ ሰው ነው።

በ1981 ዋልያስ ድምፃዊውን ማሕሙድ አሕመድን ይዞ አሜሪካ ዞረ። የዘመናዊ ሙዚቃ ባንድ ከኢትዮጵያ ተነስቶ አሜሪካን ሲዞር የመጀመሪያው ነበር ይባላል። ታዳሚው ባብዛኛው አገሩን ጥሎ የወጣ ስደተኛ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ማሕሙድና የቀሩት የባንዱ አባላት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሳክስፎኒስቱ ሞገስ ሀብቴና ባስ ጊታሪስቱ መላኬ ገብሬ ግን እዚያው ቀሩ። የሂልተኑ ባንድ ያኔ ለሁለት ተከፈለ።

ከቀሩት ሦስቱ "ዙላ ባንድ" የሚባል መሥርተው በየምግብ ቤቱ መጫወት ያዙ። ኃይሉ ጎን ለጎን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሙዚቃ ተማረ። ግርማ በየነ ግን ቀስ በቀስ ፒያኖውን ተወ፤ ነዳጅ ማደያ ሠራ፣ ሰዓት እየቆጠረ ደመወዝ በላ። አዲስ አበባ ላይ ስንቱን ዘፋኝ ያስተዋወቀ እጅ የደንበኛ መኪና እየሞላ እንደሚውል ከጎኑ የሚሠሩት ፈረንጆች ምንም አያውቁም ነበር። ኢትዮጵያውያኑም ቢሆኑ እንደሱው ሁለት ሥራ የሚሮጡ ስለነበሩ ስሙን ለመንከባከብ ፋታ አልነበራቸውም።

በዚህ መሃል በ1985 ትንሽ የመሰለ ሥራ ተሠራ። ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ አንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ገባ፤ ባንድ አልያዘም። በልጅነቱ የተማረውን አኮርዲዮን አውጥቶ የድሮ ዜማዎችን በእሱ ይጫወት ጀመር፤ ሥሩን ደግሞ በራሱ እጅ በሮድስ ፒያኖ፣ በሙግ ሲንተሳይዘርና ያኔ አዲስ በነበረው ያማሃ ዲኤክስ 7 ሞላው፤ ከበሮውን ለማሽን ሰጠ። አዝማሪ በመሰንቆ የሚያወርደው ቅኝት በአኮርዲዮን ትንፋሽ ሲወጣ ከሥሩ ማሽን ይመታለታል። ለብቻው ተቀምጦ ሙሉ ባንድ የሆነው አንድም ሌላ ሙዚቀኛ ባጠገቡ ስላልነበረ፣ አንድም ደግሞ ሐሳቡ ያንን ስለፈለገ ነው። ሥራው በካሴት ወጥቶ አገር ቤት ተሸጠ፤ ከዚያም ተረሳ።

የምግብ ቤቱ መድረክ ትንሽ ቢሆንም ሌላ ሰው አወጣ። አስቴር አወቀ በ1959 ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ አደገች። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ጋር ትዘፍን ነበር፤ የመጀመሪያ ካሴቶቿን ያሳተመላት አሊ ታንጎ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋሽንግተን ገብታ በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር ምግብ ቤቶች ማታ ማታ ትዘፍን ጀመር። መድረክ የሚባለው በጠረጴዛዎች መካከል የተለቀቀ ክፍት ቦታ ነበር፤ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክራፎን፣ ከዘፋኙ ክንድ ሩቅ ያልሆነ ክትፎ። ሽልማት የሚሰጠው ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ሁለት እርምጃ ቢራመድ ይደርስ ነበር።

ከለንደን የመጡ የአንድ ትንሽ የሙዚቃ ኩባንያ ሰዎች በዚህ ሁኔታ ሰሟት። በ1989 "አስቴር" የተባለው አልበም በዚሁ ኩባንያ፣ በትሪፕል ኧርዝ፣ አማካይነት እንግሊዝ ወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ትልቁ ኮሎምቢያ ኩባንያ አከፋፈለው። "ካቡ" በ1991፣ "ኢቦ" በ1993 ተከተሉ። አማርኛ የማያውቅ ሕዝብ በአማርኛ ዘፈን የተደነቀበት ጊዜ ነበር። ሆኖም የአስቴርን ኑሮ የደገፈው በለንደን ጋዜጦች የተጻፈላት ምስጋና ብቻ አልነበረም፤ ቅዳሜ ማታ ከሥራ ወጥቶ እሷን ለመስማት ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ መኪና የሚነዳው ወገኗ ነበር። በ1997 ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ ስትዘፍን የተቀበላት ሕዝብም ካሴቷን በስደት ዓመታት ሁሉ ያዳመጠው ነው።

በሌላ በኩል ዝናውን በገዛ ፈቃዱ የተወ ነበር። ሙሉቀን መለሰ ከጎጃም መጥቶ ገና ልጅ ሳለ በፖሊስ ኦርኬስትራ የጀመረ፣ በ1970ዎቹ ከአገሪቱ ተወዳጅ ድምፆች አንዱ የሆነ ዘፋኝ ነው። በ1980ዎቹ ወንጌልን ተቀብሎ የዓለማዊ ዘፈን መድረኩን ለቀቀ፤ ወደ አሜሪካም ተሻግሮ ዋሽንግተን አካባቢ ኖረ። ዘፋኙን የሚፈልገው አድማጭ መዝሙሩን እንጂ ዘፈኑን አላገኘም። ዘፈኖቹ ግን በሰርጉም በታክሲውም መሰማታቸውን ቀጠሉ።

በ1991 ደርግ ወደቀ፤ አገር ቤትም አዲስ ነፋስ ነፈሰ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዲቪ ሎተሪ ሲጀመር የሚመጣው ሰው ዓይነት ተለወጠ፤ ከተማሪና ከፖለቲካ ስደተኛ ይልቅ ቤተሰቡን አስከትሎ የሚመጣው በዛ። የዋሽንግተን የቤት ኪራይ ሲወደድ ኢትዮጵያዊው ከአዳምስ ሞርጋንና ከዩ ስትሪት ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ ደቡብ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደ። በ1996 ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ "ከፋ ካፌ" ተከፈተ፤ ዙሪያው ቀስ በቀስ በአማርኛ ጽሑፍ ተሞላ። አሌክሳንድሪያ ላይ ደግሞ የገበያ ማዕከሉ፣ የሥጋ ቤቱ፣ የካሴት ሱቁ በአንድ አጥር ግቢ ተሰበሰቡ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ፤ የአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶችም ለወላጅ የሚልኩትን ወረቀት ወደ አማርኛ ማስተርጎም ያዙ። አድማጩ አሁን የእራት ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ሰፈርተኛ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ከመጡት አንዷ አለምፀሐይ ወዳጆ ናት። ተዋናይት፣ አዘጋጅ፣ ገጣሚ፤ ለብዙ ዘፋኞች ግጥም የሰጠች። ዋሽንግተን ስትገባ ዝናዋ በአማርኛ ቋንቋ ውስጥ ያለ ዝና ነበርና ቋንቋው ወደሚነገርበት ቦታ መሄድ ነበረበት። በ2000 "ጣይቱ የባሕልና የትምህርት ማዕከል"ን አቋቋመች። ቲያትር ተመደረከ፤ የግጥም ምሽት በየጊዜው ተካሄደ። የሚመጡት ገጣሚዎች ቀን ነርስ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ሒሳብ ሹም ናቸው፤ ማታ ግን በአማርኛ አንባቢ ናቸው።

ኃይሌ ገሪማም የራሱን መንገድ ጠርጎ ነበር። የባርነትን ታሪክ የሚተርከው "ሳንኮፋ" በ1993 ሲጠናቀቅ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበል አሉት። እሱና ባለቤቱ፣ ፊልም ሠሪዋ ሺሪኪያና አይና፣ ሲኒማ ቤት በራሳቸው ተከራይተው መጀመሪያ ዋሽንግተን አሳዩት፤ ፊልሙ ለሳምንታት ታየ፤ ከዚያ ከተማ ለከተማ ዞረ። ባገኙት ገንዘብ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ በዚያው በሳንኮፋ ስም የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። ዝናን ከሌላ ሰው እጅ ላለመጠበቅ የራሱን መስኮት የከፈተ ሰው እሱ ነው።

ኃይሉ መርጊያ ግን በተመሳሳይ ጊዜ ከመድረክ ወርዶ ነበር። ዙላ ባንድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተበተነ፤ ኃይሉም በ1998 ገደማ በደለስ ኤርፖርት ታክሲ መንዳት ያዘ። ኤርፖርቱ ላይ ታክሲዎች የሚሰለፉበት ቦታ አለ፤ ተራ እስኪደርስ ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ። ሌሎቹ ሾፌሮች ሲተኙ ወይም ፖለቲካ ሲያወሩ ኃይሉ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ያማሃ ኪቦርድ ያወጣል፤ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጭኑ ላይ አድርጎ ይለማመዳል። መስመሩ ሲንቀሳቀስ ኪቦርዱን መልሶ ያስገባል፤ ተሳፋሪ ይጭናል። ይህንን ለዓመታት ደጋገመው። ያኔ አልበም የመሥራት እቅድ አልነበረውም፤ ጣቱ እንዳይዶለዱም ብቻ ነበር።

እስክንድር ቦጎሲያን በ2001 ከማስተማር ጡረታ ወጣ። በዚያው ዓመት ከተማሪው ከከበደች ተክለአብ ጋር ሆኖ ለዋሽንግተኑ የኢትዮጵያ ኤምባሲ "ኔክሰስ" የተባለውን የአሉሚኒየም ቅርፅ ሥራ አጠናቀቀ። ከበደች ቀይ ሽብርን ሸሽታ ስትወጣ ሶማሊያ ተይዛ ወደ አሥር ዓመት ገደማ በእስር የማቀቀች፣ ከዚያ በኋላ ሃዋርድ ገብታ ሥዕል የተማረች ናት። መምህሩ በሜይ 4 ቀን 2003 ዋሽንግተን ውስጥ ዐረፈ።

በሚቀጥሉት ዓመታት ክብሩ ከውጭ መጣ። በ2004 የዋሽንግተን ከተማ ሕግ አውጥታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ በአማርኛም እንዲያገለግሉ አደረገች። በ2008 የኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። በ2009 ደግሞ ከኢትዮጵያ በልጅነቷ መጥታ ሜሪላንድ ያደገችው፣ በክሊንተን ዘመን ዋይት ሃውስ የሠራችው ድምፃዊት ዋይና ለግራሚ ታጨች። አንድ ትውልድ ቀድሞ ነዳጅ ማደያ ላይ የነበረው ስም አሁን ሽልማት መዝገብ ውስጥ ገባ።

በ2013 የኃይሉ ታሪክ ተገለበጠ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ያንን የ1985ቱን አኮርዲዮን ካሴት አገኘና ባለቤቱን አፈላልጎ ደረሰበት። ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 "ላላ በሉ"፣ በ2020 "የኔ ምርጫ" የተባሉ አዳዲስ አልበሞች አወጣ፤ አውሮፓን ዞረ። ግርማ በየነም ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ስለነበር፣ በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር የራሱን አልበም ሠራ። በድምፁ አራት ዘፈን ብቻ የነበረው ሰው በዕድሜው ማምሻ አልበም ያዘ። ሁለቱንም ያነሳቸው አድማጭ ባብዛኛው ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ ግን ያነሳው ሥራ ኢትዮጵያዊ ለኢትዮጵያዊ የሠራው ነው።

ልጆቹ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይዘው ብቅ አሉ። "ጋራ ሥር ነው ቤትሽ"ን የዘፈነው ተሾመ ምትኩ በ1970 አገሩን ለቅቆ ስዊድን ኖረ፤ በኋላ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ተሻገረ። ስዊድን የተወለደችው ልጁ ኤሚሊያ በ1998 "ቢግ ቢግ ዎርልድ" በተባለ ዘፈን አውሮፓን አዳረሰች፤ አባቷ ያን ያህል የታወቀበት ዘፈን ግን በአማርኛ ነው። ድምፃዊት ኬለላ በ1983 ዋሽንግተን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዳ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትገኝበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ጌዘርስበርግ፣ አደገች፤ "ቴክ ሚ አፓርት" በ2017 ሲወጣ ለንደንም ኒው ዮርክም ያውቃት ነበር። የኃይሌ ልጅ መራዊ ገሪማ በ2020 "ሬዚዱ" በተባለ ፊልሙ የዋሽንግተንን የኪራይ ንረትና የጥቁር ሰፈር መፈናቀል ተረከ። ለእነዚህ ዝና ባሕር መሻገር አያስፈልገውም፤ ከመነሻው እዚያው ተወልዷል።

ሽማግሌዎቹ ግን መንገዱን ወደ ኋላ ሄዱት። በ2018 የፖለቲካው በር ሲከፈት፣ ከሀያ ዓመት በላይ በስደት የኖረው ኮሜዲያንና የመድረክ አጋፋሪ ታማኝ በየነ በሴፕቴምበር መጀመሪያ አዲስ አበባ ገባ፤ ሕዝብ ኤርፖርት ወጥቶ ተቀበለው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለው አውሮፕላን ዛሬ ያለማቋረጥ ይበርራል፤ ከያኒውም በሁለቱ ከተሞች መካከል ይመላለሳል።

በኤፕሪል 2024 ሙሉቀን መለሰ በአሜሪካ ዐረፈ። ዓለማዊ ዘፈን ካቆመ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ሆኖት ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም የፍቅር ዘፈን አልሰጠንም። ሐዘኑ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ተሰማ፤ ያዘነው ሰው ግማሹ ሙሉቀን ዘፈኑን ከተወ በኋላ የተወለደ ነበር። ግርማ ዝናውን ያጣው አድማጩ ገና ስላልተሰበሰበ ነው፤ ኃይሉ የመለሰው አድማጩ በሌላ አህጉር ስለተገኘ ነው፤ አስቴር የጠበቀችው አድማጯ ከእሷ ጋር ስለተሰደደ ነው። ሙሉቀን ግን ራሱ ተወው፤ ሕዝቡ አልተወውም። ዝና የከያኒው ቢመስልም ቤቱ አድማጩ ዘንድ ነው፤ ባለ ሥራው ቢሸሸውም፣ ቢረሳውም፣ ታክሲ ቢነዳም፣ አንድ ሰው ካሴቱን እስከያዘ ድረስ አይሞትም።